ልብስ የማይቀድ እጀታ

«እንግዳ ናት እኮ! ማንኪያ የት እንደሚቀመጥ እንኳ እስካሁን ያንቺን ፊት አይታ ነው። ቤቱ የእናትሽ ነው፤ የእናትሽ እንደሆነ ይኖራል።»

ይህን የምትለው የባሌ ታላቅ እህት ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ትመጣለች፣ ኩሽና ገብታ ከባሌ ልጅ ጋር ሻይ ትጠጣለች፣ እኔ ብቅ ስል ወሬዋን ወደ አየሩ ጠባይ ትመልሰዋለች። ያን ዕለት ብቅ አላልኩም። እርጥብ ልብስ የሞላ ሳፋ እንደታቀፍኩ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሰው በገዛ ቤቱ ኮሪደር ላይ እንደ ሌባ ትንፋሹን ውጦ ይቆማል? ቆምኩ። ልጅቷ ምን ትመልስ ይሆን ብዬ ጆሮዬን ቀሰርኩ። ትልቅ ልጅ ናት፤ ትምህርቷን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ውጤት የምትጠብቅ፣ ስትፈልግ አፏ የማያንስ። «ተይ አክስቴ» ብትል ይበቃኝ ነበር። እሷ ግን «አክስቴ፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ» አለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ወደ ኋላ ተመልሼ በጓሮ በር ወጣሁና ልብሱን አሰጣሁ፤ ደሜ ፈልቶ አንዱን ሸሚዝ ደጋግሜ ስጨምቀው ቁልፉ ተበጠሰ።

ለነገሩ ሴትዮዋ አልዋሸችም፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ይህን ሰው አግብቼ እዚህ ቤት ከገባሁ ሁለተኛ ክረምቴ ነው፤ ኩሽናው ግን ዛሬም የኔ አይደለም። የሟች የልጅቷ እናት ነው፣ ነፍሷን ይማርና። በሕይወት ሳለች አይቻት አላውቅም፤ ሳሎን የተሰቀለው ፎቶዋም ተቀምጣ የተነሳችው ነው። ቁመቷን ግን አውቃለሁ። የላይኞቹን ካቢኔቶች ለመክፈት እኔ በእግሬ ጣት እቆማለሁ፤ እሷ ረጅም ነበረች። ግራኝ እንደነበረችም ማንም ሳይነግረኝ ነው የደረስኩበት። የካቢኔቶቹ መዝጊያ ሁሉ ለግራ እጅ እንዲመች ሆኖ ነው የተገጠመው፤ እኔ ቀኝ እጄን በሰደድኩ ቁጥር መዝጊያው ዞሮ ፊቴ ላይ ይመጣል። ድስት ሳወርድ፣ ጨው ስፈልግ፣ ክንዴ የሚያልፈው የሷ ክንድ ባለፈበት በኩል ነው። ማታ ትከሻዬን ሲያመኝ ባሌ «የስፌቱ ሥራ ነው» ይለኛል። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ መኝታ ቤታችን መስኮት ሥር የስፌት መኪናዬን አስቀምጬ የሰፈሩን ሰው ልብስ እሰፋለሁ፣ አጠባለሁ፣ አሰፋለሁ። ሕመሙ ግን ከስፌት አይደለም፣ ከኩሽናው ነው። አንዳንድ ጠዋት ብቻዬን ሽንኩርት ስከትፍ ከኋላዬ ሰው ቆሞ ተራ የሚጠብቅ ይመስለኝና ጠጋ እልለታለሁ። አበድኩ እንዴ ብዬ እስቃለሁ፤ ጠጋ ማለቱን ግን አልተውኩም።

ከሁሉ የሚብሰው የመሳቢያዎቹ ነገር ነው። ከምድጃው ጎን በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል። እጀታቸው ቀጭን የብረት ዘንግ ነው፤ ጫፍና ጫፉ ብሎኑን አልፎ እንደ ቀንድ ወጣ ያለ። ያ ቀንድ የሰው ልብስ ይይዛል። የዚህ ቤት ሰው ልብስ በእኔ እጅ ስለሚጠገን አውቀዋለሁ፤ የባሌ ሹራብ፣ የልጅቷ ጃኬት፣ የኔ ሽርጥ፣ ሁሉም ከወገብ ዝቅ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ተቀዶ የተሰፋ ነው። እኔ ከመምጣቴ በፊት የተሰፋም አለ፤ የባሌ የድሮ ካፖርት ላይ፣ በማላውቀው እጅ፣ ጠበቅ ጠበቅ ያለ ስፌት። እኔ ስሰፋ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የምሄደው፤ ያ ስፌት ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። ከመሳቢያዎቹ መካከል ደግሞ ከዳር ሁለተኛው ጭራሽ እጀታ የለውም፤ ሁለት ባዶ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። እንደመጣሁ ሰሞን «ይሄ ምን ሆኖ ነው?» ብዬ ብጠይቅ ባሌ «ተይው» አለኝ፤ ልጅቷ ምግቧን ትታ ተነሳች። ከዚያ ወዲህ መሳቢያውን የሚከፍተውም የሚያነሳውም የለም። ዕቃ ሳጥብ ሁለቱ ቀዳዳዎች ጀርባዬን የሚያዩኝ እየመሰለኝ ስንቴ ከላይ ፎጣ አንጠልጥዬባቸዋለሁ፤ ፎጣውን ሁልጊዜ በማግስቱ ተነስቶ አገኘዋለሁ።

ልብሱን አስጥቼ ስመለስ እህትየው ሳሎን ሶፋ ላይ ጋደም ብላለች፣ ልጅቷ ክፍሏ ገብታ ዘግታለች፣ ባሌ ማተሚያ ቤት ሥራ ላይ ነው። ኩሽናው መሃል ቆምኩና «እንግዳ አይደለሁም» አልኩ፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ማን እንዲሰማኝ እንደሆነ እንጃ። እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ እኔ የመረጥኩት ይኑር! እነዚህን ቀንዳም እጀታዎች አውልቄ ደህና እጀታ እገጥማለሁ፣ የመጣው ይምጣ። ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ አንዱን እጀታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካሁ፤ አሥራ ሁለት ሳንቲም ከስምንት። ዕድሜዬን ሙሉ የለካሁት እንደዚያ ነው። ትከሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እጅጌ ከጫፍ እስከ ጫፍ፤ ሌላ ዓይነት አለካክ አለ ያለኝ ሰው የለም።

መንገዱ ጥግ ላይ አዲስ የተከፈተ የቤት ዕቃ ሱቅ አለ፤ መስታወቱ ከመጽዳቱ የተነሳ በሩ የቱ እንደሆነ የሚጠፋ። ሻጯ ማስቲካ ታኝካለች። «አሥራ ሁለት ከስምንት» ስላት «መቶ ሃያ ስምንት ሚሊ! በሽ ነው!» አለችኝ። ቁጥሩ ልክክ ሲልልኝ ደስ አለኝ። ጥቁር፣ ወፈር ያለ፣ መዳፍ የሚሞላ እጀታ መረጥኩ። ዋጋው ሁለት መቶ አርባ ብር፣ የአንዱ! «ምነው፣ የባንክ ካዝና ነው እንዴ የሚከፍተው?» ብላት «እማማ፣ ከውጭ የመጣ ነው» አለችኝ። «እማማ» ማለቷ ከዋጋው በላይ አንገበገበኝ፤ ገና ፀጉሬ እንኳ አልሸበተም። ልብስ ሳይሞከር ስለማልጨርስ አንዱን ብቻ ለሙከራ ገዛሁና ተመለስኩ።

የምድጃው ጥግ ላይ ካለው መሳቢያ ጀመርኩ። ብሎኑ ዝጓል፤ በዘይት አርሼ፣ ካቻቪቴውን በሁለት እጄ ይዤ ብዙ ከታገልኩት በኋላ ተፈታ። አሮጌውን አውልቄ አዲሱን አስጠጋሁ። አንዱ ብሎን ገባ። ሌላው ከቀዳዳው የጣት ስፋት ያህል አልፎ ደረቅ እንጨት ላይ አረፈ። አዞርኩት፤ ያው ነው። ገፋሁት፣ ሳብኩት፣ በእህትየው ስም እየጠራሁ የሰደብኩትም ይመስለኛል። በመጨረሻ ገባኝ፦ እጀታ የሚለካው ከጫፍ እስከ ጫፍ አይደለም፤ ከብሎን ቀዳዳ እስከ ብሎን ቀዳዳ ነው! ቀዳዳዎቹን ስለካ ልክ አሥራ አንድ ሳንቲም ሆነ። በልብስ ልክ እጀታ ልግዛ ማለቴ እኮ ነው። እህትየው ብታየኝ ለሳምንት የሚበቃ ወሬ ታገኝ ነበር። ሳትነቃ ልመለስ ብዬ፣ አሮጌውን እጀታ ለናሙና ቦርሳዬ ውስጥ ወርወር አድርጌ፣ ለማንም ሳልናገር ወጣሁ። ስልኬን ከአዲሱ እጀታ ጎን እንደረሳሁት ያወቅኩት ሩቅ ከሄድኩ በኋላ ነው።

ሻጯ እጀታውን አገላብጣ አየችውና ከንፈሯን ጣል አደረገች። «መቶ አሥር ነው ይሄ። የለንም። አሁን የሚመጣው ዘጠና ስድስት፣ መቶ ሃያ ስምንት፣ መቶ ስልሳ ነው። ወይ የድሮውን ቀዳዳ በስቱኮ ደፍነው አዲስ ያስበሱ፣ ወይ ሚሊሜትር ጋ ይሂዱ። የድሮ ልክ የጠፋበትን ሰው ሁሉ እሱ ጋ ነው የምንልከው።» ሚሊሜትር የሰው ቅጽል ስም መሆኑ የገባኝ አቅጣጫውን ስትነግረኝ ነው። ቀዳዳውን ደፍኖ ሌላ መብሳቱን አሰብኩበት። ግን ጠባሳው ከቀለሙ ሥር እንዳለ ይኖራል፤ እኔም እዚያ እንዳለ አውቃለሁ። ሁለት ዓይን ደፍኜ ሁለት ልጨምር? አልፈለግኩም። አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

አሮጌው ገበያ ጥግ፣ መኪና ያለ ዕረፍት ከሚግተለተልበት ሰፊ መንገድ ማዶ፣ የቁርጥራጭ ብረት ሱቆች ተደርድረዋል። ተሻገርኩ። የሚሊሜትር ሱቅ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ በተቸነከሩ ጣውላዎች የእጀታ ዓይነት ሁሉ ተሰክቶበታል፤ የቁልቋል ፍሬ የሚያክል ድቡልቡል የመዳብ እጀታም፣ የሕፃን ጣት የምታክል ሽቦም አለ። ሰውየው ቀጭን ሽማግሌ ነው፤ መነጽሩን በጫማ ክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ እጀታውን ከእጄ ወሰደ። «መቶ አሥር» አለ ሳይለካ። ከዚያ ለካውና «መቶ አሥር» አለ እንደገና፣ በራሱ እየተደሰተ። ጫፉን በጣቱ ዳሰሰ። «ይሄ ልብስ ይቀዳል።»

«እሱን ለኔ ነው የሚነግሩኝ? ስሰፋ ነው የኖርኩት።»

«የመሳቢያው ፊት ድርብ ነው አይደል? አጭር ብሎን አይደርስለትም።»

«እንዴት አወቁ?»

 እጀታውን ወደ ብርሃን አስጠግቶ፣ ከዚያ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «የላከችሽ እህትሽ ናት? ረጅሟ?» አለኝ። የማን እህት እንደሆንኩ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ወደ ውስጥ ገባ። ዕቃ ሲንኳኳ፣ ሲያስል፣ አቧራ ሲያራግፍ ይሰማኛል። አንድ የካርቶን ሳጥን አቅፎ ወጣ፤ በሲባጎ ታስሯል፤ ከሲባጎው ሥር አንድ እጀታ ተሸጉጧል። ከቦርሳዬ ያወጣሁትን ከጎኑ አኖረው። መንትያ ናቸው። ያው ቀንድ፣ ያው የደበዘዘ ቀለም። ሁለቱ ባዶ ቀዳዳዎች ዓይኔ ላይ መጡ፤ ማንም ሳይነግረኝ ያ እጀታ የየትኛው መሳቢያ እንደሆነ አወቅኩ። 

ሚሊሜትር ግን ቂሙን ይዘረግፍ ጀመር። «በይ ንገሪያት! የሰው ልፋት እንዲህ አይደረግም። ይህን ልክ የሚሠራ ሰው ለምኜ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ አሳጥፌ፣ አስሞርጄ አሠራሁላት፤ እሷ ግን ሙሉ ሒሳቧን ከፍላ፣ በሳምንቱ መጥቼ እወስዳለሁ ብላኝ ቀረች። ስንት ዓመት ሆነው! ለሌላ ሰው እንዳልሸጠው ልኩ ለማንም አይሆንም። ስንቴ እንዳማኋት አልነግርሽም። ስትገባ እንኳ እያለከለከች ነው፤ ‹እጀታው የልጄን አዲስ ቀሚስ ቀዶባት እያለቀሰች ነው፣ ዛሬውኑ ካልቀየርኩት› ትላለች፤ በትእዛዝ ካልሆነ ልኩ የለም ብላት ነው ሳምንት ልትጠብቅ የተስማማችው። በግራ እጇ ብሎኑን ስታዞር አይቼ ግራኝ ነሽ ብላት ሳቀች። ደግሞ አመራረጧ! ሻሿን ከራሷ አውልቃ ናሙናው ላይ እየጎተተች ትሞክራለች። ይሄኛው ያዘ፣ ይሄም ያዘ፣ አይሆንም። ክብ ጫፉ ላይ ስትደርስ ሻሹ ሸርተት ብሎ አለፈ። ‹ይሄ ነው› አለች። ምርጫስ ታውቅበታለች።»

እኔ የማውቀው መኪና እንደገጫት ነው። «ለዕቃ ወጥታ ስትመለስ» ነው ያሉኝ፣ እሱንም አንድ ጊዜ። ምን ዕቃ እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም፤ ሰው ስለ ባሉ የፊተኛ ሚስት ሞት ምን ብሎ ይጠይቃል? «አባቴ፣ አልቀረችብዎትም» አልኩት። «ከእርስዎ ወጥታ ቤቷ አልደረሰችም።» ለአፍታ አልገባውም። ሲገባው ዓይኑ ወደ በሩ፣ ወደ መንገዱ ሄደ፤ መነጽሩን አውልቆ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ቁጭ አለ። «ያን ዕለት ሰው ተገጨ ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ። «ሱቄን ዘግቼ ማን ነው ብዬ እንኳ አልወጣሁም። ደግሞ ሳማት ኖርኩ።»  ከዚያ ሳጥኑን በእግሩ ወደ እኔ ገፋው። «ውሰጂው። ዕቃው የሷ ነው።»

ከሱቁ ስወጣ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም፤ ብው ብዬ ነው የተናደድኩት። እኔ የወጣሁት የራሴን ልመርጥ ነው! ጠዋት የማልኩት አንድ ነገር ነበር፤ ይኸው የሟችን ምርጫ ተሸክሜ፣ ሟች በሄደችበት መንገድ፣ ሟች ያዘዘችውን ዕቃ ይዤ ልመለስ። እዚሁ ጥዬው ብሄድስ? ማን ያውቃል? ሳጥኑን መንገዱ ዳር አስቀምጬ ቆምኩ። ያኔ መንገዱን አየሁት። ስመጣ ምንም ሳይመስለኝ የተሻገርኩት መንገድ ነው። አሁን እግሬ እንቢ አለ። መኪናው ጋብ ይላል፣ አንድ እግሬን አወርዳለሁ፣ እመልሳለሁ። በግራዬ በኩል ሰው የቆመ መሰለኝ፤ ረጅም ሰው፣ የተጣደፈ፣ ቤቱ የምታለቅስ ልጅ ያለችው። ዞሬ አላየሁም። ሳጥኑን አንስቼ ደረቴ ላይ አቀፍኩት። አንዱ የጭነት ጋሪ የሚገፋ ሰው አለፈ፣ ሌላም አለፈ፤ ጀንበሯ ወደ ጣሪያዎቹ እስክትጠጋ ድረስ እዚያው ቆሜ ነበር። በመጨረሻ ሁለት አሮጊቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሻገሩ ከኋላቸው ተለጠፍኩ። ማዶ ስደርስ ጉንጬ እርጥብ ነው። አንቺ ሴት፣ እኔን አሻግረሽ አንቺ እንዴት ቀረሽ ብዬ ይሆናል ያለቀስኩት፤ አላውቅም።

ሰፈራችን ስገባ መሸት ብሏል። ባሌ በራችን ላይ ቆሟል፤ በቤት ነጠላ ጫማ፣ ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቶ። ሲያየኝ አልተቆጣም፣ አልጠየቀኝም። ክንዴን ያዘኝና እስኪያመኝ ጨመቀኝ። እህትየው ደረጃው ላይ ጭንቅላቷን ይዛ ተቀምጣለች። «እሰይ፣ ተመስገን!» አለችና ጠዋት የሰማሁትን ሁሉ እንዳልተናገረች ሆና ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ለእኔ! በሕልሜም አላስበውም ነበር። «ልጅቷ ጋ ግቢ» አለኝ ባሌ። «ከቀትር ጀምሮ አልተነሳችም።»

ልጅቷ ኩሽናው ወለል ላይ፣ መሳቢያዎቹ ፊት ለፊት ተቀምጣ ነበር። ከፊቷ ስልኬና ያ ጥቁር እጀታ አሉ። ምድጃው ጥግ ካለው መሳቢያ ሌሎች ሁለት ባዶ ቀዳዳዎች ያዩናል። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ዓይኗን መልሳ ወለሉ ላይ ጣለች።

«ስልክዎ እዚህ ነው» አለችኝ። «እጀታው ደግሞ የለም። ገባኝ ወዲያው። እናቴም እንደዚህ ነው ያደረገችው፤ ፈትታ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ።»  ጥቁሩን እጀታ ገፋ አድርጋ «እኔ ነኝ ያስወጣኋት» አለች። «ቀሚሴን ቀደደብኝ ብዬ። ነገ እቀይረዋለሁ አለችኝ። ነገ አይደለም አሁን ብዬ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። አባቴ ይህን አያውቅም። ማንም አያውቅም።»

በሩ ላይ የባሌን ትንፋሽ ሰማሁ። ወይ አምላኬ! ለካ ይህች ልጅ እኔን አይደለም ስትሸሽ የኖረችው። ምን ይባላል? ልጅ ነበርሽ ይባላል፣ ጥፋትሽ አይደለም ይባላል። እሱን ሁሉ ትቼ ከጎኗ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና ሲባጎውን በጥርሴ በጠስኩት፤ ክር መበጠስ ልማዴ ነው። «ደርሳ ነበር» አልኳት። «ሱቁ ደርሳ ነበር። ልጄ እያለቀሰች ነው ብላ፣ አንድ በአንድ በሻሿ እየጎተተች ሞክራ፣ የማይዘውን መርጣ፣ ከፍላ ነው የወጣችው። የመረጠችልሽ ይኸው።»

አንዱን ከሳጥኑ አንስታ ለረጅም ጊዜ ያዘችው። ጫፉን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ የሹራቧን እጅጌ ስባ ጫፉ ላይ ጎተተችው፤ ሸርተት ብሎ አለፈ። ደግማ ጎተተችው። ሦስተኛው ላይ እጅጌዋን ፊቷ ላይ አድርጋ እሪ ብላ አለቀሰች፤ ልክ እንደ ትንሽ ልጅ፣ ሳታፍር። ባሌ ገብቶ ከበስተጀርባዋ ተንበረከከ፤ እጁን ራሷ ላይ አሳረፈ። እኔ ልነሳላቸው ስል ቀሚሴን ያዘችኝ። ስለዚህ ተቀመጥኩ።

እህትየው በሩ ላይ ዓይኗን እየጠረገች ቆማ «ካቻቪቴው የት ነው የምታስቀምጪው?» አለችኝ። ነገርኳት፤ ሄዳ አመጣችው። ለዚያ እጀታ አልባ መሳቢያ እጀታውን ልጅቷ ራሷ ገጠመችለት። ብሎኖቹ ድርቡን እንጨት አልፈው ልክ ቀዳዳው ላይ ገቡ፤ ምንም ሳያስቸግሩ። መሳቢያው ግን ከመዘጋት ብዛት ተጣብቆ፣ ሁለታችን ይዘን ነው የሳብነው። ምን እንደጠበቅኩ አላውቅም። ውስጡ ማንኪያ ነበር። ማንኪያ፣ ሹካ፣ የሻማ ቁራጭ። ለካ የማንኪያ ቦታ እዚህ ኖሯል።

የመሳቢያዎቹን ሁሉ ገጥመን ስንጨርስ ሳጥኑ ባዶ ሆነ። ልጅቷ ቀና ብላ የላይኞቹን ካቢኔቶች አየች፤ እኔ በእግሬ ጣት የምቆምባቸውን። ከዚያ ከወለሉ ላይ ያን ጥቁር እጀታ አንስታ መዳፏ ውስጥ መዘነችው።

«ለነዚያ እናቴ አላዘዘችም» አለች። «እነሱን አንቺ ምረጪ። ወደ ታች ዝቅ ብለው ይገጠሙ፣ በቀኝ በኩል። ሰኞ እዚያ ሱቅ አብረን እንሄዳለን።»

«እኔ እሄዳለሁ፣ ምን አደከመሽ?» አልኳት።

«አይሆንም» አለች፤ እጀታውን እጄ ላይ አስቀምጣ ጣቶቼን በጣቶቿ ዘጋቻቸው። «ያን መንገድ ብቻሽን አትሻገሪውም።»